ማሰሪያው የት ነው?

በዲቪ አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል በጽዳት ሥራ ተቀጠርኩ። ሱፐርቫይዘሬ ረጋ ያለች፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሺፍታችን ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወደ እኔ መጣችና «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዘ ሰከንድ ፍሎር አጌን» አለችኝ።

ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ማይት ምናልባት ነው። ዎንት መፈለግ ነው። በጭንቅላቴ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ሁለተኛ ፎቅን እንደገና ማየት ትፈልጊ ይሆናል» ሆነ። አሰብኩበት። አልፈለግኩም። ሁለተኛ ፎቅን ጠዋት ጨርሼዋለሁ፣ እግሬም ዝሏል። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኳትና ጋሪዬን ወደ ዕቃ ክፍሉ ገፋሁ።

በማግሥቱ ቢሮ ተጠራሁ። «የታዘዘችውን አልሠራም ብላለች» ተብሎ ተጽፎብኛል። ወረቀቱን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታላቅ ያዘዘኝን እንቢ ብዬ አላውቅም። ደግሞስ ማን አዘዘኝ? መቼ?

እዚያው ሆቴል ልብስ ማጠቢያው ጋ የሚሠሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ሐበሾቹ ሁላችን ጋሼ እንላቸዋለን። ምሳ ሰዓት ላይ አይኔ ቀልቶ ሲያዩኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የያዙትን አንሶላ አጣጥፈው እስኪጨርሱ ምንም አላሉም።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እዚህ አገር ትእዛዝ በትእዛዝ መልክ አይመጣም። ‹ትፈልጊ ይሆናል› ካለችሽ፣ ሂጂ ማለቷ ነው። ‹እስከ አሥር ሰዓት ብትጨርሺ ደስ ይለኛል› ካለችሽ፣ እስከ አሥር ሰዓት ጨርሺ ማለቷ ነው። ‹ብትችዪ› ስትልሽ መቻልሽን አትጠይቅሽም።»

ያን ዕለት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን አስታወስኩ። ደሴ ነው የተማርኩት። በ1998 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማው ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ነው የሚመጣልን። የስክሪኑ አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ይቀጥላል። እኛ ገና ገጹን እየፈለግን ነው። ለማን ነው ቬሪ ጉድ ያለው? ዛሬ ሳስበው፣ መልስ የማይሰማ ጥያቄን መጀመሪያ የተዋወቅኩት እዚያ ነው።

ፕላዝማው ሲጠፋ የክፍሉ አስተማሪያችን በቀረችው አሥር ደቂቃ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የዓረፍተ ነገር ዓይነቶችን ይጽፉልን ነበር። አራት ናቸው። ሐሳብ የሚነግረው ዲክላራቲቭ፣ የሚጠይቀው ኢንተሮጌቲቭ፣ የሚያዘው ኢምፐራቲቭ፣ የሚደነቀው ኤክስክላማቶሪ። ከነምልክታቸው ገለበጥናቸው። ፈተና ላይ መጨረሻው ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ስሙን መጥራት ነው። እኔ እነዚህን ጥያቄዎች ስቼ አላውቅም።

በዚያ ሰንጠረዥ ከሄድን «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዘ ሰከንድ ፍሎር አጌን» ዲክላራቲቭ ነው። ባለቤት አለው፣ ግሥ አለው፣ በነጥብ ያልቃል። ፈተና ላይ ቢመጣ ይህንኑ መልሼ አንድ ነጥብ አገኝበታለሁ። አስተማሪያችን የነገሩን ስህተት አልነበረም። የነገሩን ግን የዓረፍተ ነገሩን መልክ ነው። ዓረፍተ ነገር መልክም አለው፣ ሥራም አለው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። መልኩ ሐተታ፣ ሥራው ትእዛዝ የሆነ አለ። መልኩ ጥያቄ፣ ሥራው ልመና የሆነ አለ። የቢሮ እንግሊዝኛ፣ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ አብዛኛው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው የሚኖረው።

በጣም የቆጨኝ ይህንን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው መሆኑ ነው። እናቴ ከሥራ ገብታ ሶፋው ላይ እያረፈች «እዚህ ቤት ውሃ የለም እንዴ?» ስትል፣ ከእኛ ከአራታችን አንዱ እንኳን «አለ» ብሎ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ተነስተን ነው የምንሮጠው። «በሩ ክፍት ነው?» ካለች በሩን እንዘጋለን። ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ይህንን የእናቴን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ይሄ ምንድን ነው? ጥያቄ ነው ወይስ ትእዛዝ?» ብሎን ቢሆን ኖሮ፣ ሆቴሉ ውስጥ ያን ወረቀት አልፈርምም ነበር። ግን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር ያስቀጣ ነበር።

ታዲያ እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ ይዞራል? ለምን «ሂጂ» አይልም?

የኛን ትእዛዝ ተመልከቱት። ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ። አንዲት አጭር ቃል ውስጥ የምታናግረው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ እኩያህ ይሁን ታላቅህ ሁሉም አለ። «ይቀመጡ» ስል ትእዛዝ ነው፤ ግን አክብሮቱ ግሡ ውስጥ ተሰፍቷል። እንግሊዝኛ ያለው «ካም» ብቻ ነው። ለሕፃንም ካም፣ ለጳጳስም ካም። ግሡ ራቁቱን ነው የሚቆመው። ባለቤቱም ተደብቋል። በሌላው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ባለቤቱ ካልተጠራ የሚቆጣው እንግሊዝኛ (ሲዘንብ እንኳን ማን እንደዘነበ ሳይታወቅ «ኢት» የሚል ባለቤት ይፈልጋል) ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ይተወዋል። እንዲህ ራቁቱን የቀረ ግሥ አክብሮት መሸከም ስለማይችል፣ አክብሮቱ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። የሄደውም ወደ ጥያቄው ነው። «ኩድ ዩ ካም?» «ዉድ ዩ ማይንድ ክሎዚንግ ዘ ዶር?» ጥያቄ ለሰሚው እንቢ የማለት በር ይከፍትለታል፣ ባይጠቀምበትም። አክብሮቱ ያ የተከፈተ በር ነው።

«እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም» እያልን ነው ያደግነው። ነገሩ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ድሮ እንደኛው ሁለት ነበረው። «ዛው» አንተና አንቺ ነበር። «ዩ» ደግሞ መጀመሪያ እናንተ፣ ኋላ እንደኛው አንቱም ሆነ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከተራው ንግግር እየጠፋ የሄደው ዛው ነው። በተለይ በሰሜን እንግሊዝ በአንዳንድ ቀበልኛዎችና በጸሎት ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ እንግሊዞች ልጃቸውንም ውሻቸውንም የሚጠሩት በአንቱታው ቃል ነው። ሁሉም አንቱ ሲሆን ግን አንቱ ማለት ዋጋ አጣ። የዓረፍተ ነገሩን መልክ መለወጥ የግድ ያደረገው ይሄ ብቻ ነው አልልም። ግን ይህንን ካወቅኩ በኋላ «ኩድ ዩ» ሲሉኝ ከጀርባው አንቱታ እሰማለሁ።

ይህ ልዩነት የሚያመው ማዕድ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ትእዛዝ የፍቅር ቋንቋ ነው። «ብላ!» «ብዪ እንጂ!» «በሞቴ!» «ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን!» እንግዳው እንቢ ይላል፣ የቤቱ እመቤት ታዛለች፣ እንቢ ይላል፣ ታጎርሰዋለች። መጀመሪያ የጋበዘችኝ አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ሞር?» ብላ ጠየቀችኝ። በወጉ «ኖ» አልኩ። ሳህኑን አነሳችው። በቃ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እየራበኝ ወደ ቤት ሄድኩ። በእሷ ቤት አክብራኛለች፤ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ፣ መልሴን ተቀበለች። በኔ ቤት ደግሞ እንግዳ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቆ አይታለፍም። ሁለታችንም ጥሩ ሰዎች ነን። የተላለፍነው በዓረፍተ ነገር ዓይነት ነው።

ቆይቼ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። እነሱም ቢሆኑ ትእዛዝን ጨርሰው አልተዉትም። «ሃቭ ኤ ሲት» ይላሉ። «ቴክ ኬር»። «ሄልፕ ዩርሰልፍ»። «ኢንጆይ»። ሁሉም ትእዛዝ ናቸው፣ ማንም አይቀየምባቸውም። ልዩነቱ ጥቅሙ ለማን እንደሆነ ነው። ጥቅሙ ለሰሚው ከሆነ በቀጥታ ማዘዝ ይቻላል፤ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ደህና ሁን። ጥቅሙ ለተናጋሪው ሲሆን ነው ወደ ጥያቄ የሚዞረው። ለአዲስ መጪ ሰው አንድ ነገር ብቻ ንገሪ ብባል ይህንን እነግረው ነበር። «ጊቭ ሚ ዋተር» ሳይሆን «ካን አይ ሃቭ ሰም ዋተር?»። እንግዳህን ግን «ፕሊዝ፣ ሲት ዳውን» ብትለው ምንም የለበትም።

ጥያቄውም ቢሆን ቀላል አይደለም። በአማርኛ «መጣህ» እና «መጣህ?» ቃላቸው አንድ ነው፤ የሚለየው ድምፃችን ነው። ወይም «ወይ» እንጨምራለን፣ በመጽሐፍ አማርኛ ደግሞ «ን» እንቀጥላለን። ግሡ ከቦታው አይነቃነቅም። እንግሊዝኛ ግን «ዩ ኬም»ን ወደ ጥያቄ ለመቀየር ከውጭ ሠራተኛ ያስመጣል። «ዱ» ይባላል። እዚህ ቦታ ላይ ራሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ ሸክም ተሸካሚ ነው። «ኬም» ላይ የነበረውን ኃላፊ ጊዜ ይሸከምና «ዲድ» ሆኖ ፊት ይቆማል። ግሡም ሸክሙ ስለወረደለት ወደ «ካም» ይመለሳል። «ዲድ ዩ ካም?»። እኛ አብዛኞቻችን «ዲድ ዩ ኬም?» የምንለው ሸክሙን በሁለት ሰው ስለምናሸክመው ነው። አሁን እኔም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ይህንን በዚህ መልኩ የነገርኩት ተማሪ ሁለተኛ ሲስት አይቼ አላውቅም።

ዱ ድሮ የግድ አልነበረም። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጌታ ጴጥሮስን ሲጠይቀው «ለቨስት ዛው ሚ?» ይላል። ግሡ ራሱ ነው ወደፊት የመጣው። ዛውም እዚያው አለ። በኛው «ትወደኛለህን?» ነው። አንድ ቃል። መውደዱም፣ አንተም፣ እኔም፣ ጥያቄውም እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ናቸው። እንግሊዝኛው ዛሬ አራት ቃል ያስፈልገዋል፤ «ዱ ዩ ላቭ ሚ?»። ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ረዘመብን ሲሉኝ ይህቺን አሳያቸዋለሁ። ያልረዘመብን እኛው ዘንድ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ነው።

ስለ ጥያቄ ሳወራ ስለ ቀይዋ አምባር ሳልናገር አላልፍም።

እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣችበት ዓመት ለትንሽ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ወሰድኳት። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ነርሷ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ሺ ኢዝንት አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን?» አለች። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እናቴ ፔኒሲሊን ብዙ ጊዜ ወስዳለች፣ ምንም ሆና አታውቅም። «የስ» አልኩ። ልክ በአማርኛ «አለርጂ የለባትም አይደል?» ስንባል «አዎ፣ የለባትም» እንደምንለው። ነርሷ መሳቢያውን ከፍታ ቀይ የፕላስቲክ አምባር አወጣች። የእናቴን እጅ በቀስታ ያዘችና አሰረችላት። እናቴ ደስ አላት፤ «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። እኔ የአምባሩን ጽሑፍ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ፔኒሲሊን አይስማማትም ይላል።

«ኖ፣ ኖ!» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ግራ ገባት። «አሁን የስ አላልሽም?» አለችኝ። «አልኩ።» «ታዲያ?» ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሁለታችንም በየቋንቋችን ልክ ነበርን። የኛ «አዎ» የሚስማማው ከጠያቂው ሐሳብ ጋር ነው፤ «ልክ ነሽ፣ የለባትም» ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» ጠያቂው ምን እንዳሰበ አይገደውም። የሚያየው ነገሩን ነው፤ አለ ወይስ የለም። ካለ የስ፣ ከሌለ ኖ። ጥያቄው በአሉታ ይምጣ በአዎንታ ለውጥ የለውም። ስለዚህ የሌለን ነገር ስንጠየቅ «ኖ፣ ሺ ኢዝንት» ነው የሚባለው። ይህ ነገር ነርሷ ሳታውቀው፣ እኔም ሳላውቀው በእናቴ ፋይል ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሳስተረጉም በአሉታ ለመጣ ጥያቄ በየስና በኖ ብቻ አልመልስም። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እላለሁ። ለሚያስተረጉም ሰው ሁሉ የምለምነው ይህንን ነው፤ ልጆች ለወላጆቻቸው በሚያስተረጉሙባቸው ቤቶች በተለይ።

ስለ ኤክስክላማቶሪ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ደስ ይለኛል። እንግሊዝኛ ሲደነቅ «ዋት ኤ ዴይ!» ይላል፣ ወይም «ሃው ቢዩቲፉል!»። የጥያቄ ቃላት ናቸው። እኛም «ምን ያለ ቀን ነው!»፣ «እንዴት ያምራል!» ነው የምንለው። በዚህ ያህል ርቀት ያደጉ ሁለት ቋንቋዎች ሲገረሙ ሁለቱም ወደ ጥያቄ ቃል መሮጣቸው ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሌላው አከፋፈል ልሂድ። ትምህርት ቤት ይህንንም በስሙ ብቻ ነው ያስተማረን፤ ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ፣ አራተኛው ሁለቱን ያጣመረው። ይሄኛው ስለ ንግግር ዓላማ አይደለም፤ ስለ አሠራር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ራሱን የቻለ ሐሳብ ይዟል፣ ስንት ጥገኛ?

እኔ የገባኝ ሆቴሉን ትቼ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያ አንድ ነገር ሲከሰት ሪፖርት ይጻፋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት ወደቁ። ምንም አልተጎዱም፣ ተመስገን። ግን መጻፍ አለብኝ። በጭንቅላቴ ያለው አማርኛ እንዲህ ነበር፤ «ለሽንት ተነስተው፣ ነጠላ ጫማቸውን ሲፈልጉ፣ ወለሉ እርጥብ ስለነበር፣ አንሸራቷቸው ወደቁ።» እንከን የለውም። እሱን ነው ወደ እንግሊዝኛ የገለበጥኩት፣ በዚያው ቅደም ተከተል። አፍተር ብዬ ጀመርኩ፣ ዌን ብዬ ቀጠልኩ፣ ቢኮዝ ብዬ ጨመርኩ። ኃላፊዋ ነርስ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። መሃል ላይ ቀና አለችና «ዲድ ሺ ፎል?» አለችኝ፣ በጭንቀት። መውደቃቸው የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ እሱን ነበር የምትፈልገው።

ወረቀቱን አልቀደደችውም። ከሥሩ በእርሳስ ጻፈችልኝ፤ «ዘ ሬዚደንት ፌል»። ሦስት ቃል። ከዚያ በኋላ «ሺ ሃድ ጎተን አፕ ቢኮዝ» እያለች ምክንያቱን አስከተለች። ያንን ወረቀት ብዙ ጊዜ አየሁት።

በአማርኛ ሰዋስው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይባላል። ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። ከፊቱ ያለው ሁሉ እንደ ጭነት ይደረደራል፤ መጨረሻ ላይ በአንድ ገመድ ይታሰራል። «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ወጣሁ።» አራት ግሥ፣ አንድ ማሰሪያ። የቀሩት ቦዝ አንቀጽ ናቸው፤ ብቻቸውን አያስሩም። ሰሚው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ መጠበቅም ያውቃል። ከባድ ነገር የምንናገረው እንዲህ ነው። መርዶ እንኳን ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። እንግሊዝኛ ማሰሪያውን ከባለቤቱ ቀጥሎ፣ ከደጃፉ ላይ ነው የሚያስረው። ጭነቱን ከዚያ በኋላ ይደረድራል። የትኛው ይሻላል የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን ለምን ነርሷ እንደተጨነቀች ገብቶኛል።

ይህ ከገባ የሰንጠረዡ ስሞች ነፍስ ይዘራሉ። ኮምፓውንድ ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው። ሁለቱም በየእግራቸው ይቆማሉ፤ እጅ ለእጅ ያያያዛቸው «ኤንድ» ወይም «በት» ወይም «ሶ» ነው። ብታለያያቸው እያንዳንዱ መንገዱን ይቀጥላል። ኮምፕሌክስ ግን እናት ልጅ አዝላ ነው። እናቲቱ ብቻዋን መሄድ ትችላለች፤ «ሺ ዌንት ሆም» ሙሉ ነው። «ቢኮዝ ሺ ዎዝ ታየርድ» ግን ልጁ ነው፤ መሬት ላይ ብቻውን ካስቀመጥከው ያለቅሳል። እንግሊዝኛ ልጁን ከኋላ ሊያዝለው ይችላል፣ ከፊት ሊያቅፈውም ይችላል። ከፊት ሲያቅፈው በሁለቱ መሃል ኮማ ያስገባል። አማርኛ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚያቅፈው፤ «ስለደከማት ቤቷ ገባች» ነው እንጂ ምክንያቱን ከማሰሪያው በኋላ ካመጣን «ምክንያቱም» ብለን ሌላ ዓረፍተ ነገር መጀመር አለብን። የመጀመሪያ ዓመታት ጽሑፌ በኤንድ የተሞላው ለዚህ ነበር። ቦዝ አንቀጾቼን ሁሉ ወንድማማቾች አደረግኳቸው። አይ ዎክ አፕ ኤንድ አይ ዎሽድ ኤንድ አይ ኤት ኤንድ አይ ዌንት። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ፊት መሪ። አንባቢዬ ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንዲት ክፍል ውስጥ አዲስ ለመጡ ወገኖች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዘጠኝ ነን። አማርኛ አያስቀጣም፤ እንዲያውም በአማርኛ ነው የምንጀምረው። ባለፈው ሳምንት ሁሉም «ለምን ወደዚህ አገር መጣችሁ?» ለሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። ከመሃላቸው አንድ አባት አሉ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፍርና የጨረሱ። ለዜግነት ፈተና እየተዘጋጁ ነው። ከሚነበቡላቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን አስተካክለው መጻፍ ይጠበቅባቸዋል። እጃቸው ትልቅ ነው፣ እርሳሱን አጥብቀው ነው የሚይዙት። ደብተራቸውን ገፋ አደረጉልኝ።

«ቢኮዝ ማይ ቺልድረን አር ሂር።» ነጥብ።

«አባባ፣ በወሬ ቢሆን ልክ ነዎት» አልኳቸው። «እኔ ጠይቄዎት ሲመልሱልኝ ይበቃል። ጽሑፍ ላይ ግን ይሄ ልጁ ብቻ ነው።»

አዩት። «እናቲቱስ?»

«እርስዎ ይፈልጓት።»

ትንሽ ቆዩ። ላጲሱን አንስተው ሙሉውን አጠፉት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው፣ በቀስታ፣ ጻፉ። «አይ ኬም ሂር ቢኮዝ ማይ ቺልድረን አር ሂር።»

«ማሰሪያው የት ነው?» አልኳቸው።

በእርሳሱ ጫፍ ከግራ ተነሱና ሁለተኛው ቃል ላይ ቆሙ። «ይቺ? ኬም?»

«እሷው ናት።»

«ገና ሳይጫን ታሰረ?» አሉና ሁለት ጊዜ አሰመሩባት። ሌላ ልስጥዎት ሳልላቸው ወደ ታች ወርደው አዲስ መስመር ጀመሩ። «አይ ካል ማይ ብራዘር ኤቭሪ ሰንደይ ቢኮዝ» ጻፉና እርሳሱን አነሱ። ወንድማቸው ኮምቦልቻ ነው ያሉት። ሌሎቹ ደብተራቸውን አጣጥፈው ጃኬታቸውን እየለበሱ ነበር። እሳቸው ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ከቢኮዝ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስባሉ። መብራቱን ሳላጠፋ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳቸው።